ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፦ ልጅን ከመኪና ጭስ አርቆ ትምህርት ቤት ማድረስ (ለባሕር ዳር ወላጆች)

ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ጠዋት ነው። ልጄን ትምህርት ቤት በር ላይ አድርሼ ልመለስ ስል አፍንጫዋን በሶፍት ጠረገች። ሶፍቱን ገልጣ አየችውና «አባ፣ ለምንድን ነው የጠቆረው?» አለችኝ። ስምንት ዓመቷ ነው። «አቧራ ነው» አልኳት። የእኛ ሰፈር አቧራ ቀይ መሆኑን ግን እሷም ታውቃለች። ምንም ሳትል ሶፍቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችና ገባች።

ቤታችን ዓባይ ማዶ ነው። ትምህርት ቤቷ ከድልድዩ ወዲህ፣ ወደ መሀል ከተማው ነው። በእግር ከግማሽ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ያን ጊዜ የምንሄደው ዝም ብለን በዋናው አስፋልት፣ ወደ ጎንደር የሚወጣውና ከጎንደር የሚገባው መኪና ሁሉ በሚያልፍበት ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ መንገዱን ቀየርነው። ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። እናንተ ሦስት ሳምንት እንዳይፈጅባችሁ ነው ይህን የጻፍኩት።

መጀመሪያ ጠላትን ማወቅ

ሶፍቱ ላይ የታየው ጥቁር ነገር እንዲያውም ደህናው ነው። አፍንጫ ይዞ ያስቀረው ነውና። የሚያሳስበው ያልተያዘው ነው። ከመኪና ጭስ ውስጥ በጣም ደቃቁ ብናኝ ውፍረቱ ከ2.5 ማይክሮን በታች ነው። የራስ ፀጉር ከዚህ 30 ጊዜ ያህል ይወፍራል። ይህን የሚያህል ብናኝ አፍንጫም ጉሮሮም አያቆመውም። እስከ ሳንባ ጥግ ይወርዳል፤ ከሱም የደቀቀው ወደ ደም ይሻገራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የዚህ ብናኝ የ24 ሰዓት አማካይ በ1 ኪዩቢክ ሜትር አየር ከ15 ማይክሮግራም መብለጥ የለበትም ይላል። የድርጅቱ የካንሰር ምርምር ተቋም ደግሞ የናፍጣ ጭስ በሰው ላይ ካንሰር ያመጣል ብሎ የፈረጀው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ ከሲጋራ ጋር በአንድ መደብ።

ልጆች ላይ ለምን ይብሳል? ልጅ ከኪሎው አንጻር ሲታይ ከአዋቂ የበለጠ አየር ይስባል። ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ሳንባው ገና እየተሠራ ነው፤ እስከ ጉርምስና ማብቂያ ድረስ ያድጋል። ሦስተኛው ምክንያት ቁመት ነው። የባጃጅና የሚኒባስ ጭስ ማውጫ (መካኒኮች ማርሚታ የሚሉት) ለእኔ ከጉልበቴ በታች ነው። ለልጄ ግን ፊቷ ቅርብ ነው። እኔ ጭሱ ከተበተነ በኋላ ያለውን ስተነፍስ እሷ ትኩሱን ትቀበላለች።

ሌላም የእኛ ከተማ ጉዳይ አለ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። እዚህ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ያረጀ የናፍጣ ሞተር በሳሳ አየር ነዳጁን አሟጦ ማቃጠል ያቅተዋል፤ የቀረውን በጥቀርሻ መልክ ይተፋዋል። ዳገት የሚወጣ አይሱዙ ከኋላው የሚጥለውን ጥቁር ደመና ያየ ሰው ማስረጃ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

1ኛ፦ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ ብቻችሁን ውጡ

ልጁን ሳትይዙ፣ ልክ እሱ በሚሄድበት ሰዓት፣ በሥራ ቀን ውጡ። ቅዳሜ አትውጡ፤ ቅዳሜ መንገዱ ሌላ መንገድ ነው። እኔ መጀመሪያ ቅዳሜ ወጥቼ «ይሄማ ምንም አይልም» ብዬ ተመልሻለሁ።

ስትሄዱ እነዚህን ምልክት አድርጉ።

መኪና የሚቆምበትና የሚነሳበት ቦታ ሁሉ፦ አደባባይ፣ የትራፊክ መብራት፣ የታክሲ ፌርማታ፣ ባጃጆች ተራ የሚጠብቁበት ጥግ። ሞተር ከሁሉ በላይ የሚያጨሰው ከቆመበት ሲነሳ ነው። ዝም ብሎ የሚሄድ መኪና ከሚቆምና ከሚነሳው ይሻላል።

ነዳጅ ማደያ፦ በተለይ ሰልፍ ካለ። ከባጃጅና ከሞተር ሳይክል ሰልፍ የሚወጣው ጭስ ብቻ አይደለም ችግሩ፤ የቤንዚን ትነትም አለ። ቤንዚን ውስጥ ቤንዝን (benzene) የሚባል፣ ስሙ የሚመሳሰል ግን የተለየ፣ ለደም ካንሰር የሚዳርግ ንጥረ ነገር አለ። ሽታው ለልጆች ደስ ይላቸዋል። ቆመው እንዲያሸቱ አትፍቀዱ።

ጄኔሬተር፦ መብራት በጠፋ ቀን ሱቁ ሁሉ በረንዳው ላይ አውጥቶ ያስነሳዋል። መብራት ባለበት ቀን ብትወጡ አታዩትም፤ ስለዚህ የትኞቹ ሱቆች ጄኔሬተር እንዳላቸው ጠይቁ።

ቆሻሻ የሚቃጠልበት ጥግ፦ ጠዋት ተጠርጎ የተከመረ ቅጠልና ፌስታል አብሮ ሲነድ አይታችኋል። የፌስታል ጭስ ከመኪናው ጭስ የሚሻል እንዳይመስላችሁ። መንገድ ጠራጊ እህቶቻችን ጠዋት የሚያነሱት አቧራም አለ፤ እነሱ ግን ከእኛ ልጆች በላይ እየተነፈሱት ነው፣ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም።

ጋራዥና ጎሚስታ፦ እነዚህ ባሉበት ሞተር ይፈተሻል፣ ጎማም አንዳንዴ ይቃጠላል።

2ኛ፦ ቁጠሩ

ይህችኛዋ አሰልቺ ናት፤ ግን ከሁሉም የምትጠቅመው እሷ ናት። ሁለት ቦታ ምረጡ። አንዱ ዋናው መንገድ ላይ፣ ሌላው ከጀርባ ባለው የሰፈር መንገድ ላይ። እያንዳንዱ ጋ 10 ደቂቃ ቁሙ። በደብተራችሁ ሦስት ዓምድ አስምሩ፦ ባጃጅ፣ ሚኒባስና ቤት መኪና፣ ከባድ መኪና። አይሱዙና ሲኖትራክ ሦስተኛው ውስጥ ይግቡ። በዓይን የሚታይ ጭስ የለቀቀው ላይ ኮከብ አድርጉ።

የጭሱን ቀለም ማየትም ይረዳል። ጥቁር ከሆነ ናፍጣው በደንብ አልተቃጠለም፤ ፖምፓው ወይም ፊልትሮው ችግር አለበት። ሰማያዊ ከሆነ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው። ነጭ ሆኖ ጠዋት ላይ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ እንፋሎት ነው፤ አትጨነቁበት።

እኔ ከቆጠርኩ በኋላ የገረመኝ የባጃጁ ብዛት አልነበረም፤ እሱንማ ማን ያጣዋል። የገረመኝ ጥቁር ጭስ ያወጡት ጥቂት መኪኖች መሆናቸው ነው። አብዛኛውን ጭስ የሚለቁት ጥቂቶች ናቸው፤ እነሱም የሚያልፉበት መንገድ ይታወቃል። ከባድ መኪና የሰፈር ኮብልስቶን ውስጥ አይገባም።

በቁጥር ብቻ የማይረካ ሰው የቫዝሊኗን ሙከራ ይሞክር። ሁለት ነጭ ካርቶን ቁረጡ፤ መዳፍ የሚያህል ይበቃል። ላያቸውን ስስ ቫዝሊን ቀቡ። አንዱን ዋናው መንገድ ዳር ያለ የምታውቁት ሰው አጥር ላይ፣ ሌላውን የጀርባው መንገድ ላይ፣ በልጁ አፍንጫ ከፍታ ስቀሉ። ዝናብ በሌለበት ሦስት ቀን ተዉት። ከዚያ ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ። ቫዝሊኑ የሚይዘው ትልልቁን አቧራና ጥቀርሻ ነው፤ ደቃቁን አይነግራችሁም። ግን ልጆች ካርቶኑን ሲያዩ የሚገባቸውን ያህል በምክር አይገባቸውም። ልጄ የጠቆረውን አይታ «ይሄ እኔ ውስጥ ነው?» አለችኝ። ያን ያህል እንድትደነግጥ አልፈለግኩም ነበር። ለትንንሾቹ ባታሳዩ ይሻላል።

3ኛ፦ ገባ ያለውን መንገድ ፈልጉ

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ይህ ነው፤ ሌላውን ብትረሱ ይህን ያዙ። የመኪና ጭስ ከመንገዱ በራቅን ቁጥር በፍጥነት ይሳሳል። በመጀመሪያዎቹ 50 እና 100 ሜትሮች ውስጥ ብዙው ይወርዳል። ከ150 እስከ 300 ሜትር ሲደረስ ደቃቁ ጥቀርሻ ከአካባቢው ተራ አየር ጋር ሊቀራረብ ይችላል። አንድ ብሎክ ገባ ማለት፣ ማለትም ከአስፋልቱ ጀርባ ያለውን መንገድ መያዝ፣ ልጁ የሚስበውን ጭስ በግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ለዚህ አንድ ብር አይወጣም።

ባሕር ዳር ለዚህ የተመቸች ከተማ ናት። ሜዳ ናት፤ ዳገት የለባትም ለማለት ይቻላል። መሀል ከተማዋ በፕላን የተሠራች ስለሆነ መንገዶቿ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ከዋናው ጎን የሚሄድ ሌላ መንገድ አይጠፋም። በቅርብ ዓመታት ኮብልስቶን የተነጠፈባቸው የሰፈር መንገዶች ደግሞ አቧራቸው ቀንሷል። ወደ ሐይቁ በኩል ለሚኖር ሰው የጣና ዳር መንገድ አለ።

«ግን ይረዝማል» የሚል አይጠፋም። ይረዝም ይሆናል። እንዲህ አስሉት። ለእያንዳንዱ መንገድ ከቆጠራችሁት ተነስታችሁ ከ1 እስከ 4 ነጥብ ስጡ። ነጥቡን በደቂቃው አባዙ። የእኛ ዋና መንገድ 4 ነበር፤ 20 ደቂቃ የሚሄድበት ክፍል 80 መጣ። የጀርባው 2 ነው፤ 26 ደቂቃ ይወስዳል፤ 52 ሆነ። ስድስት ደቂቃ ጨምረን ብዙ ጭስ ቀነስን። የጀርባው መንገድ እጥፍ የሚረዝም ቢሆን ኖሮ ግን ምንም አላተረፍንም ነበር። ሂሳቡ ሻካራ ነው፤ ለውሳኔ ግን ይበቃል።

አሁን ጠንቀቅ። ጭስ ቀንሼ ልጄን ለሌላ አደጋ መስጠት የለብኝም። የጀርባው መንገድ ላይ እነዚህን እዩ፦ ክዳን የሌለው የውሃ መውረጃ ቱቦ፣ ሠፈሩን ያስቸገረ ውሻ፣ ሰው የማይታይበት ጭር ያለ ስርጥ፣ ግንባታ ያለበት ቦታ። ልጁ ብቻውን የሚሄድ ከሆነ ሰው ያለበትን መንገድ አስቀድሙ፤ ጭሱ ሁለተኛ ይሁን። የሚሻለው ደግሞ የሰፈሩን ልጆች ማሰባሰብ ነው። እኛ አምስት ልጆች አሉን፤ በየተራ አንድ ወላጅ ይዟቸው ይሄዳል። መንገድ ላይ ሱቅ ያላቸው አንዲት እናት አሉ። «እማማ፣ ልጆቹን በዓይንዎ ይከተሉልን» አልናቸው። አሁን ከልጆቹ አንዱ ከዘገየ እሳቸው ናቸው የሚነግሩን።

4ኛ፦ ሰዓቱንና ነፋሱን እወቁ

ከጥቅምት እስከ ጥር ጠዋቱ እንዴት እንደሚበርድ ታውቃላችሁ። ሌሊቱን ሰማዩ ጥርት ይላል፣ መሬቱ ይቀዘቅዛል፣ ቀዝቃዛው አየር ከታች ይተኛል። ሞቃቱ ከላይ እንደ ክዳን ይገጥምበታል። ከታች የተለቀቀ ጭስ መውጫ ያጣል። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ጠዋት ከቤት ስትወጡ የጎረቤትን የወጥ ቤት ጭስ እዩ። ቀጥ ብሎ የሚወጣ ከሆነ ደህና ነው። ከጣራው ወጥቶ ጎንበስ ብሎ መንደሩ ላይ ከተኛ፣ የመኪናውም ጭስ እንደዚያው ተኝቷል።

እንዲህ ባለ ጠዋት ጭስ ሩቅ ይጓዛል። ሎስ አንጀለስ አካባቢ የተደረገ ጥናት ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት የአውራ ጎዳና ብናኝ ቀን ላይ ከሚደርስበት እጅግ ርቆ፣ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚሄድ አሳይቷል። ስለዚህ ገባ ያለው መንገድ ጠዋት በጣም በማለዳ የሚሰጠው ጥቅም ከቀኑ ያንሳል። ያንሳል እንጂ አይጠፋም።

መፍትሔው ምንድን ነው? ትምህርት ቤት የሚገባበትን ሰዓት እኛ አንቀይርም። መንገዱ የሚጨናነቅበትን ደቂቃ ግን መሸሽ እንችላለን። እኛ ሰፈር ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ያለው ጊዜ ሠራተኛውም ተማሪውም ባጃጁም አንድ ላይ የሚወጣበት ነው። 15 ደቂቃ ቀደም ብለን ስንወጣ የመኪናው ቁጥር በዓይን የሚታይ ልዩነት አለው። ልጄ ግቢ ገብታ ትጫወታለች። ከሰዓት ፈረቃ የሚማር ልጅ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ ቀትር ላይ ክዳኑ ተከፍቷል፣ አየሩ ይነሳል።

ከሰዓት ሌላ ነገር አለን፤ የጣና ነፋስ። ቀን መሬቱ ከውሃው ቀድሞ ይሞቃል። የሞቀው አየር ሲነሳ ቀዝቃዛው ከሐይቁ ወደ ከተማ ይገባል። ከተማችን የሐይቁ ደቡብ ጫፍ ላይ ናት፤ ስለዚህ ነፋሱ በግርድፉ ከሰሜን ይመጣል። ሌሊት ይገለበጣል፤ ከየብስ ወደ ውሃው ይሄዳል፣ ግን ደካማ ነው። ይህ ለእግረኛ ምን ይጠቅመዋል? ከሰዓት ስትመለሱ ሐይቁ ባለበት ወገን ያለውን የእግረኛ መንገድ ያዙ። ነፋሱ ጭሱን ከእናንተ ወደ ማዶ ይወስደዋል። ባንዲራ ወይም የዛፍ ቅጠል አይታችሁ አረጋግጡ፤ ነፋስ አንዳንዴ ልቡ የፈቀደውን ያደርጋል።

5ኛ፦ ዋናውን መንገድ ማምለጥ ካልተቻለ

የእኛ ችግር ድልድዩ ነው። ዓባይ ላይ ገባ ያለ መንገድ የለም። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ነው። በልጅ እርምጃ አምስትና ስድስት ደቂቃ። ደግነቱ ድልድይ ላይ አየሩ ክፍት ነው፤ ግንብ የለ፣ ፎቅ የለ፣ ጭስ የሚታጠርበት ምንም የለም። ግራና ቀኙ ሕንፃ ያለበት ጠባብ መንገድ ከዚህ ይብሳል።

እንዲህ ባለ ቦታ የምናደርገው ይህ ነው። ልጅቷን በውስጥ በኩል፣ እኔ በአስፋልቱ በኩል። ይህን ለአደጋ ብለን ሁላችንም እናደርገዋለን፤ ለጭስም ይሠራል። ከአስፋልቱ ጠርዝ ሁለትና ሦስት ሜትር መራቅ ብቻውን ልዩነት አለው። የመንገድ ጠርዝ ላይ መሄድ የሚወዱ ልጆች አሉ፣ ሚዛን እየጠበቁ፤ የኔዋ አንዷ ናት። ተቆጣኋት፣ አልሰማችም። ከዚያ ከአጥሩ ሥር ያለውን ንጣፍ ድንጋይ እየቆጠረች እንድትሄድ ነገርኳት። ሠራ።

ዜብራ ላይ ስትጠብቁ ጠርዝ ላይ አትቁሙ። ሁለት ሜትር ወደ ኋላ በሉ፤ ሲከፈት ቀረብ ብላችሁ ግራ ቀኝ አይታችሁ ተሻገሩ። ከቆመ ባጃጅ ኋላ አትለፉ፤ ሊነሳ ሲል ነው የሚያጨሰው። ከፊት ለፊቱ ደግሞ ለአደጋ ነው። ትንሽ ጠብቁት፣ ይሂድ።

ዋናው መንገድ ላይ ልጆችን አታሩጡ። የሚሮጥ ልጅ በደቂቃ የሚስበው አየር ከሚራመደው በብዙ ይበልጣል፤ በአፉም ስለሚተነፍስ አፍንጫው የሚያጣራው ይቀራል። «ረፈደብን፣ ሩጪ!» የምንለው ደግሞ ሁልጊዜ ጭሱ በበዛበት ሰዓትና ቦታ ነው። የሚሮጥ ከሆነ ገባ ያለው መንገድ ላይ ይሩጥ።

ስለ ዘንባባዎቻችን አንድ ቃል። ባሕር ዳርን ባሕር ዳር ያሰኛት ዘንባባዋ ነው፤ ማንም እንዳይነካብኝ። ግን ጭስ ያጣራል ብላችሁ አትታመኑ። ቅጠሉ ከላይ ነው፤ በልጅ አፍንጫ ልክ ያለው ግንዱ ብቻ ነው። ጭስ የሚከለክለው በመንገዱና በእግረኛው መካከል ከመሬት ጀምሮ ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለ አጥር ነው። ጽድ ጥሩ ነው፤ ቅጠሉ ደቃቅ ስለሆነ ብናኝ ይይዛል፣ በበጋም አይረግፍም። ቅንጭብ ግን ልጆች በሚያልፉበት አትትከሉ፤ ወተቱ ዓይን ያቃጥላል።

6ኛ፦ ባጃጅ ብንይዝስ?

ብዙ ሰው ልጄን ከጭስ ላድነው ብሎ ባጃጅ ላይ ይጭነዋል። ባጃጅ ጎኑ ክፍት ነው፤ የሚሄደው በመኪናዎች መሀል ነው፤ ፊት ለፊቱ ያለው አይሱዙ የሚተፋውን ሁሉ ይቀበላል። ተሳፋሪ ጭስ ውስጥ ነው የተቀመጠው። ጥቅሙ ቶሎ መድረሱ ነው። ሚኒባስም መስኮቱ ከተከፈተ እንደዚያው ነው፤ ከተዘጋ ደግሞ የገባው ጭስ አይወጣም፣ ሌላ በሽታም አለ።

እኔ የደረስኩበት ይህ ነው፦ ከ40 ደቂቃ በታች ከሆነና ገባ ያለ መንገድ ካለ በእግር። ከዚያ በላይ ከሆነ ባጃጅ፣ ግን አደባባዩን የሚዞረውን ሳይሆን በሰፈር ውስጥ የሚያቋርጠውን። ሹፌሩን «ወንድሜ፣ በውስጥ በውስጥ ውሰደን» ማለት ነው፤ እሱም ለነዳጁ ሲል ይወደዋል። ብስክሌት ያለው ትልቅ ልጅ በሰፈር መንገድ ይሂድ። ድሮ ይህች ከተማ የብስክሌት ከተማ ነበረች፤ ባጃጅ ነው የነጠቀን።

7ኛ፦ ማስክ

አጭር ነው። ሻሽ፣ ነጠላ፣ የጨርቅ ማስክ አቧራ ይቀንሳሉ፤ የጭሱን ደቃቅ ብናኝ አያስቀሩም። ሰማያዊው የሐኪም ማስክ ትንሽ ይሻላል፤ ግን በጉንጭ በኩል ይገባል። የሚሠራው ኤን 95 ነው፤ እሱም ፊት ላይ ገጥሞ ሲቀመጥ። ለአዋቂ የተሠራ ማስክ የስምንት ዓመት ልጅ ፊት ላይ አይገጥምም፤ ለልጅ የሚሆነው ገበያ ላይ በቀላሉ አይገኝም። ደግሞ ጋዙን አንዱም አያስቀርም። ስለዚህ ለማስክ የምታወጡትን ገንዘብ ያዙትና መንገድ ቀይሩ። አቧራ በበዛበት ቀን ሻሽ ማሰር ግን አይጎዳም።

8ኛ፦ የትምህርት ቤቱ በር

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ ነው። ልጆቻችንን በጀርባ መንገድ አዙረን፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ቀድመን፣ በመጨረሻ ስንደርስ በሩ ላይ ሃያ ባጃጅና ሰርቪስ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል። ሹፌሮች ሚኒሞ የሚሉት ይህ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ጭስ የልጆቹ በር ላይ ነበር። አንድ ጠዋት አንዱን ሹፌር «ሞተሩን አጥፋው» ብዬ ጮህኩበት። «አንተ ነህ ነዳጅ የምትገዛልኝ?» አለኝ። ተበሳጭቼ ሄድኩ። ማታ ሳስበው ግን መልሱ እሱ አፍ ውስጥ ነበር። ነዳጅ ውድ ነው፤ ለማግኘትም ሰልፍ አለ። ቆሞ የሚሠራ ሞተር ነዳጅ ይጠጣል። በማግስቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩትና ከግማሽ ደቂቃ በላይ ከቆመ ማጥፋት እንደሚያዋጣው ነገርኩት። ሳቀብኝ፤ ግን አጠፋ።

ይህን ለብቻ ማድረግ ያደክማል። በወላጆች ስብሰባ ላይ አንሱት። ሦስት ነገር ብቻ ጠይቁ፤ ብዙ ከጠየቃችሁ አንዱም አይሆንም። አንደኛ፣ «ሞተርዎን ያጥፉ» የሚል ትልቅ ጽሑፍ በሩ ላይ። ሁለተኛ፣ ባጃጅና ሰርቪስ ልጆችን የሚያወርዱበት ቦታ ከበሩ 50 ሜትር ራቅ ብሎ፤ ጥበቃው እንዲያስተናግደው። ሦስተኛ፣ ከአስፋልቱ ጋር የሚዋሰነው አጥር ላይ ጽድ መትከል፤ በሐምሌ ለችግኝ ተከላ የምንወጣው ሁላችን ነን፣ አንድ ጊዜ እንኳ ለልጆቻችን አፍንጫ እንትከል። ልጆች የሚሰለፉበትና ስፖርት የሚሠሩበት ቦታ ወደ ግቢው ጀርባ መዞር ከቻለ ደግሞ ጥሩ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና መጥቶ ይፈታዋል የሚሉ አሉ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል፤ እሰየው። ቀድመው የገቡት ግን ገና ዓመታት ይሄዳሉ። የጎማና የፍሬን ብናኝም ከኤሌክትሪኩ አይቀርም።

9ኛ፦ አስም ያለበት ልጅ

ለንደን ውስጥ ኤላ አዱ ኪሲ ዴብራ የምትባል የ9 ዓመት ልጅ ነበረች። ቤቷ መኪና ከሚበዛበት መንገድ አጠገብ ነበር። ከባድ አስም ነበረባት፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ሞተች። እናቷ ዓመታት ታገለች፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የሞት መርማሪው የአየር ብክለት ለሞቷ አስተዋጽኦ አድርጓል ብሎ ወሰነ። ለማስፈራራት አይደለም ያነሳሁት። አስም ላለበት ልጅ መንገድ መምረጥ የሕክምናው አንድ ክፍል መሆኑን ለማለት ነው።

ፓፉ (በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒት) ቦርሳው ውስጥ ይሁን፤ ቤት መደርደሪያ ላይ አይደለም። መምህሩ ይወቅ። ጭሱ በተኛበት ቀዝቃዛ ጠዋት የሚብስበት ከሆነ መቼ መቼ እንደሆነ መዝግባችሁ ለሐኪሙ አሳዩ፤ የቀንና የሰዓት ማስታወሻ ለሐኪም ትልቅ ነገር ነው። አስም አለበት ያልተባለ ልጅም ሌሊት ሌሊት የሚያስለው፣ ሲተነፍስ ሲር ሲር የሚል፣ ትንሽ ሮጦ ደረቱን የሚይዝ ከሆነ አስመርምሩ። የጎድን አጥንቱ መሀል እየገባ የሚተነፍስ፣ ከንፈሩ የጠቆረ ወይም መናገር ያቃተው ከሆነ ነገ አትበሉ፤ ያኔውኑ ውሰዱት።

ቤታችሁ ውስጥ እንጀራ በእንጨት የሚጋገር ከሆነም ልጁ መንገድ ላይ ከሚስበው ይልቅ እዚያ የሚስበው ሊበልጥ ይችላል። ጠዋት ምጣድ ሲጣድ ልጁ ሌላ ክፍል ይሁን፤ ከሰሉ ራሱ ቀይ እስኪሆን ውጭ ይያያዝ። ልጄን መንገድ ላይ ከጭስ ጠብቄ ቤት ቡና ሲፈላ ከከሰሉ አጠገብ አስቀምጣት እንደነበር ሚስቴ ናት ያስታወሰችኝ።

10ኛ፦ በሰኔ እንደገና

መንገዱ አንዴ ተመርጦ አያበቃም። ገባ ያለው መንገዳችን የመጨረሻው ቁራጭ ኮብልስቶን የለውም፤ ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ይይዛል፣ ቱቦው ሞልቶ ይፈሳል። ሰኔ ላይ እንደገና ደብተሬን ይዤ ወጣሁ። ዝናብ ካደረ አየሩ ታጥቦ ያድራል፤ ያን ቀን በዋናው አስፋልት እንሄዳለን። ሁለት ሦስት ቀን ሳይዘንብ ከቀረ፣ ቦቲ አድርጋ በውስጥ በኩል። ጠዋት ተነስታ መጀመሪያ የምታየው የጎረቤታችንን የወጥ ቤት ጭስ ነው። ከዚያ «ዛሬ ጫማ» ወይም «ዛሬ ቦቲ» ትለኛለች።